ግላኮማ ሞራ አይደለም



በፀዳ ቤት ለቤት ስንጎበኝ ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ አንድ አባት አገኘን። ግራ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ በቀኙም የሚያዩት ፊት ለፊታቸው ያለውን ብቻ ነበር። «ሞራ ነው፤ እስኪበስል እየጠበቅሁ ነው» አሉን። ጎንደር ወስደን ስናስመረምራቸው ግን ሕመሙ ግላኮማ ሆኖ ተገኘ። የጠፋው ብርሃን አይመለስም፤ የቀረውን ለማቆየት በየቀኑ የሚጨመር የዓይን ጠብታ ታዘዘላቸው።

እንዲህ ያለው ስሕተት ብዙዎችን ይጎዳልና ልዩነቱን ማወቅ ይገባናል። ሞራ በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ሲደፈርስ የሚመጣ ነው፤ በቀዶ ሕክምና ስለሚነሣ ሰውየው አብዛኛውን ጊዜ መልሶ ያያል። ግላኮማ ግን የሚጎዳው ያየነውን ወደ አንጎል የሚያደርሰውን ነርቭ ነው። ብዙውን ጊዜ በዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ እንደሚገባ አይወጣምና ግፊቱ ይጨምራል፤ ነርቩም ቀስ በቀስ ይሞታል። አንዳንዴ ግፊቱ ልክ ሆኖ ሳለ ነርቩ ይጎዳል። የሞተ ነርቭ መልሶ አይድንም።

የሚያሳዝነው፣ ግላኮማ በአብዛኛው አያምም፤ ዓይንንም አያቀላም። ማየትን ከዳር ጀምሮ ስለሚወስድ፣ ሰው መንገድ ላይ ከሰው ጋር መጋጨት እስኪጀምር ድረስ ደኅና ያለ ይመስለዋል።

ሕመሙስ ምን ያህል የተስፋፋ ነው? በ1998 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከ100 ዓይነ ስውራን ግማሽ ያህሉ በሞራ፣ 5 ያህሉ ደግሞ በግላኮማ የታወሩ ነበሩ። ያልታወሩት ሕመምተኞች ግን እጅግ ይበዛሉ። በአፍሪካ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 80 ከሆኑ 100 ሰዎች ከ4 የሚበልጡት ግላኮማ እንዳለባቸው ይገመታል። እንግዲህ በዚህ ዕድሜ 100 ምእመናን ባሉበት ጉባኤ፣ አራት ወይም አምስት ሰዎች ሳያውቁት ከሕመሙ ጋር አብረውን ይቀመጡ ይሆናል። በበለጸጉት አገሮች እንኳ ከሕመምተኞቹ ግማሽ ያህሉ መታመማቸውን አያውቁም።

ዕድሜ ሲጨምር ሕመሙም ይበዛል። ወላጁ፣ ወንድሙ ወይም እኅቱ በግላኮማ የታመመ ሰው የበለጠ ይጠንቀቅ። ስቴሮይድ ያለበትን የዓይን ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት እየገዙ ለረጅም ጊዜ መጠቀምም ለዚህ ሕመም ያጋልጣል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንለምናችኋለን።

1ኛ፦ ዕድሜያችሁ 40 የሞላ ሁሉ፣ ደኅና የምታዩ ብትሆኑም፣ ተመርመሩ። ሐኪሙ ግፊቱን ይለካል፤ ነርቩንም ያያል። ይህ ምርመራ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል ይገኛል።

2ኛ፦ «ሞራዬ እስኪበስል» የሚል ሰው ስታገኙ ዝም አትበሉ። ሞራም ቢሆን እስኪበስል መጠበቅ አያስፈልገውም፤ ግላኮማ ከሆነ ደግሞ መጠበቁ ዓይኑን ያሳጣዋል።

3ኛ፦ ጠብታ የታዘዘለትን ሰው አትርሱት። መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ነው፤ ሕመምተኛው ግን ለውጥ ስለማያይ ወይም ገንዘብ ሲያጥረው ይተወዋል። አስም ያለበት ሰውም ለሐኪሙ ይንገር፤ ቲሞሎል የተባለው ጠብታ ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላልና። ጠብታው ካልበቃ ቀዶ ሕክምና አለ።

እኒያ አባት ዛሬም በቀኝ ዓይናቸው ያያሉ። ጠብታውን ማታ ማታ የምታስታውሳቸው የልጅ ልጃቸው ናት። አባቷም ዕድሜው 40 አልፏልና፣ አሁን ተራው የእርሱ ነው።