ዳገትና ፈውስ፦ ከሐይቅ እስከ አምባሰል

ከደሴ ተነስቶ የወልድያን አውራ ጎዳና ይዞ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሐይቅ ከተማ ይገባል። አልፎ ሲሄድ የአምባሰል ወረዳ መቀመጫ የሆነችውን፣ በ1881 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር በተፈረመው ውል ስሟ የገነነውን ውጫሌን ያገኛል። በዚህ አገር ደልዳላ መሬት ብርቅ ነው። ገበያ ውሎ መግባት፣ ውሃ መቅዳት፣ ለቅሶ መድረስ፣ ሁሉም አቀበት ወጥቶ ቁልቁለት መውረድን ይጠይቃል። ዳገት ለአገሬው የዕለት ተዕለት ልፋት ነው። ያም ሆኖ የታመመ፣ የጨነቀው፣ ልቡ የተሰበረ ሰው መላ ፍለጋ የሚወጣው ወደዚያው ተራራ ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በሌላው ዓለም ያሉ ሐኪሞች ተራራ መውጣትን ለአእምሮ ሕመም እንደ አንድ ሕክምና እየፈተሹት ነው። የሁለቱን ወገን ልምድ ጎን ለጎን ላየ ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል፦ የተራራው ቁመት እምብዛም ለውጥ አያመጣም። ለውጥ የሚያመጣው ከማን ጋር፣ ለምን ጉዳይ፣ በየስንት ጊዜው እንደተወጣና ሰውየው ሲወርድ ማን እንደሚጠብቀው ነው።

ስለት፣ ዱዓና የነፍስ አባት

በአምባሰል ምድር ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ተራራ ግሼን ነው። አናቱ የመስቀል ቅርጽ ያለው፣ ዙሪያውን ገደል ያጠረው ይህ አምባ በመካከለኛው ዘመን ለዙፋን የሚያሰጉ ልዑላን የሚታሰሩበት ነበር። የኢማም አሕመድ (ግራኝ) ጦር እ.ኤ.አ. በ1540 አምባውን እስኪይዘው ድረስ ከንጉሥ ልጅነታቸው በቀር ጥፋት የሌለባቸው ሰዎች ዕድሜያቸውን እዚያ ፈጅተዋል። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ደግሞ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የክርስቶስ ግማደ መስቀል ያረፈው በዚሁ አምባ ነው። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ከአገሪቱ ዙሪያ ምእመናን ይጎርፉበታል። ለብዙዎቹ እስረኞች መውረጃ ያልነበረው ተራራ ዛሬ ሰው ሸክሙን አራግፎ የሚወርድበት ሆኗል።

ወደ ግሼን የሚወጣ ተሳላሚ ብቻውን አይጓዝም። በሶው፣ ቆሎው፣ ዳቦው ይሰነቃል። ዳገቱ ሲጠና አንዱ መዝሙር ያነሳል፣ ሌላው ይቀበላል። አሮጊቷን የማያውቃት ጎረምሳ ክንዷን ይዞ ያወጣታል፤ የደከመው ሰው ጓዝ ሳይጠይቅ ትከሻ ይቀየርለታል። አምና ልጇ ታሞባት የተሳለች እናት ዘንድሮ ጃንጥላ ወይም መጋረጃ ይዛ ትመጣና ስለቷን በሰው ፊት ትናገራለች፤ ሕዝቡ እልል ይልላታል።

ይህን በሥነ ልቦና ዓይን ላየው ብዙ ነገር አለው። ስለት ለነገ ተስፋ ላጣ ሰው የዓመት ቀጠሮ ይሰጠዋል። መንገዱ አካሉን ያደክምና እንቅልፍ ይሰጠዋል። ምስክርነቱ ደግሞ በጓዳ የታፈነውን ጭንቅ የብዙ ሰው ጉዳይ ያደርገዋል።

ከአምባው ግርጌ ራቅ ብሎ፣ በሐይቅ ውሃ በተከበበው ባሕረ ገብ መሬት ላይ ያለው የእስጢፋኖስ ገዳም ሌላ መንገድ ያሳያል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያቀኑት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ይህ ገዳም ጸጥታን፣ ሥርዓት ያለው ውሎንና በአባት መመራትን ያጸና ነው። በገዳም የጸናው በአባት የመመራት ልማድ በምእመኑ ሕይወት የነፍስ አባት ሆኖ ይገኛል። ምሥጢር ጠብቆ የሚያዳምጥ አንድ ሰው መኖሩ የዛሬው የምክር አገልግሎትም መሠረት ነው።

የወሎ ሙስሊምም ከዚሁ የራቀ አይደለም። ሸኽ ሙሐመድ ሻፊ የመሠረቱት የደቡብ ወሎው ጀማ ንጉሥ በመውሊድ በዓል ከሩቅ በእግር የሚመጣ ሰው ያስተናግዳል፤ መንዙማው የመንገዱን ድካም ያስረሳል። በመንደር ደረጃ ደግሞ ወዳጃ አለ። ችግር በገባበት ቤት ጎረቤት ተሰብስቦ ቡና ይፈላል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ባለጉዳዩ መሐል ተቀምጦ ይመረቃል። በወሎ ክርስቲያኑ ለሙስሊሙ ዱዓ፣ ሙስሊሙም ለጎረቤቱ ስለት ባዕድ አይደለም።

ሐኪሞቹ ያዩት

እ.ኤ.አ. በ2012 ከኦስትሪያ የወጣ አንድ ጥናት ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው የነበሩ 20 ሰዎችን ለ9 ሳምንታት በቡድን ተራራ አስወጥቷል። በእነዚያ ሳምንታት የተስፋ መቁረጥና የድብርት ስሜታቸው፣ ራስን የማጥፋት ሐሳባቸውም ቀንሷል። በጀርመን ኤርላንገን የተጀመረና ወደ ሌሎች ከተሞች የሰፋ ጥናት ደግሞ በዝቅተኛ ግድግዳ ላይ መውጣትን ከሥነ ልቦና ሕክምና ጋር አዋሕዷል። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ድብርት ያለባቸው ተሳታፊዎች ቤታቸው ለብቻቸው ስፖርት ከሠሩት ይልቅ ተሽሏቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣና 218 ጥናቶችን የመረመረ ሥራም በእግር መጓዝና መሮጥ ለድብርት ጠቃሚ መሆናቸውን አሳይቷል።

ምክንያቱ ድብቅ አይደለም። ዳገት የሚወጣ ሰው እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ማየት አለበት፤ ሌሊቱን ሲያብሰለስለው ያደረውን ነገር ለጊዜው ይተወዋል። «አልችልም» ያለውን እርከን ሲያልፍ ደግሞ በገዛ አካሉ ማስረጃ ያገኛል። ሆኖም የኦስትሪያው ጥናት የጥቂት ሰዎች ነው፤ የጀርመኑም ከባለሙያ ጋር የተካሄደ ነው። ሁለቱም «መድኃኒት ጥላችሁ ተራራ ውጡ» የሚል ድምዳሜ የላቸውም።

ከጦርነቱ በኋላ

ነገሩ ለሐይቅና ለአምባሰል የቅንጦት ወሬ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ወደ ደሴ፣ ሐይቅና ውጫሌ ሲደርስ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ሸሽቷል፣ ዘመድ ቀብሯል፣ ንብረቱን አጥቷል። ኮሽታ በሰማ ቁጥር መደንገጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ከሰው መሸሽ የዚያ ጠባሳ ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያሻል። በተራራ በኩል ለሸሸ ሰው ያ ዳገት ራሱ የስጋት ትዝታ ሊሆን ይችላል። የት መውጣት እንዳለበት፣ ጭራሹንም መውጣት አለመውጣቱን የሚወስነው ባለቤቱ ነው።

ለእንዲህ ያለው ጠባሳ ሁለቱም መንገድ ያሻል፤ ሃይማኖታዊውንና ሕክምናውን ማስታረቅም ለኢትዮጵያ አዲስ ጉዳይ አይደለም። በእንጦጦ ጸበል የኤች አይ ቪ ሕሙማን በተሰበሰቡበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ከጸበሉ ጋር መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ አስታውቀው ነበር። በአገራችን አጥማቂዎችና የሥነ አእምሮ ሐኪሞች አብረው የሠሩበትን ልምድ የሚገልጽ ጥናትም እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል።

የሽርሽር ተጓዦች

ተራራ የሚወጣው ለስለትና ለሕክምና ብቻ አይደለም። የአዲስ አበባ ወጣቶች ቅዳሜና እሑድ በቡድን ተደራጅተው ተራራ መውጣት ለምደዋል፤ የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መከፈቱም በር ከፍቷል። ሰሜን ተራሮች የቆየ መዳረሻ ነው። በሰሜን ወሎ መቄት ደግሞ ገበሬዎች እንግዳ ተቀብለው ከአምባ ወደ አምባ የሚያሻግሩበት የማኅበረሰብ ቱሪዝም ተሞክሮ አለ። ደሴም ጦሳንና አዝዋን ከደጇ ታገኛለች። ለጀማሪ ጥቂት ምክር ይበቃዋል፦ የመንገዱን ጸጥታ ከአገሬው መጠየቅ፣ በክረምት ጉምና ድጥ ገደል አለመጠጋት፣ ከ2500 ሜትር በላይ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲብስ ሳይግደረደሩ መውረድ። የልብ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

ምን ቢደረግ?

በሐይቅም በአምባሰልም ለዚህ ሥራ የሚሆኑት ሰዎች በየቀበሌው አሉ፦ የዕድሩ ዳኛ፣ ቄሱ፣ ሸኹ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ። ሐዘን የጸናባቸው ጎረቤታሞች በሳምንት ሁለት ቀን አቅራቢያቸው ወዳለ ጉብታ ወጥተው ቢወርዱና ሲመለሱ ቡና ቢጠጡ ወጪው የቡናው ነው። ሴቶች ለብቻቸው መውጣት ከፈለጉ ለብቻቸው ይሁን፤ ጉልበት የሌለው ግማሽ መንገድ ይበቃዋል። ሳምንታት አልፈው እንቅልፉ ያልተመለሰለትን ወይም ስለ ሞት የሚያወራን ሰው ግን የጤና ሠራተኛዋ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መላክ አለባት። ከቡድኑም አንድ ሰው አብሮት ይሂድ፤ ዳገቱን አብሮ የወጣ ሰው ለዚያ መንገድም የተሻለ ጓደኛ ነው።