ኮምፒውተር ስላልዘገየ አልተሰለለም ማለት አይደለም

“ሰላይ ሶፍትዌር ቢገባበት ኖሮ ኮምፒውተሬ ይዘገይ ነበር።” ብዙ ሰው በዚህ ተማምኖ ይቀመጣል። ኪይሎገር፣ ማለትም በኪቦርድ የምንጽፈውን በድብቅ የሚመዘግብ ሶፍትዌር፣ ሥራው ግን በጣም ቀላል ነው። ሲጽፍ የዋለ ሰው 20,000 ጊዜ ቁልፍ ቢነካ መዝገቡ 20 ኪሎባይት ገደማ ነው። ይህ በስልክ ከምናነሳው የአንድ ፎቶ መቶኛ እንኳ አይሞላም። ያን ለመመዝገብም ሆነ በኢንተርኔት ለመላክ ኮምፒውተሩን ምንም አይከብደውም።

“ታስክ ማናጀር ላይ አየዋለሁ” የሚሉም አሉ። አንዳንዴ ይታያል፤ ችግሩ ስሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሞድዜሮ የተባለ የስዊዘርላንድ ድርጅት በበርካታ የኤች ፒ ላፕቶፖች ላይ ያገኘውን እንመልከት። ኮነክሳንት ከሠራው የድምፅ ድራይቨር ጋር የመጣ ማይክትሬይ የተባለ ፕሮግራም የተነካውን ቁልፍ ሁሉ በአንድ ፋይል ይጽፍ ነበር፤ ፋይሉን ኮምፒውተሩን የሚጠቀም ማንም ሰው ሊከፍተው ይችላል። ባለሙያዎች ለሙከራ ያስገቡት ኮድ ሳይወጣ የቀረ ነበርና ኤች ፒ ማስተካከያ አወጣ። ዝርዝሩን ያየ ተራ ተጠቃሚ ግን የድምፅ ፕሮግራም ብሎ ያልፈዋል እንጂ አይጠረጥረውም።

“አንቲቫይረስ አለኝ” ማለትም ብቻውን አይበቃም። አንቲቫይረስ የታወቁትን ይይዛል፤ ስለዚህ ይኑር፣ ይታደስም። በልዩ ዝግጅት የሚላክ መሣሪያ ግን ሊያመልጠው ይችላል። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ እ.ኤ.አ. በ2014 በፍርድ ቤት ባቀረበው ክስ፣ በኢሜይል የደረሰው የወርድ ሰነድ ፊንስፓይ የተባለውን ሰላይ ኮምፒውተሩ ላይ እንደጫነና የስካይፕ ንግግሩ ለወራት ሲቀዳ እንደነበር ገልጿል። ክሱ በኢትዮጵያ መንግሥት ላይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በውጭ መንግሥታት ያለመከሰስ መብት ምክንያት ውድቅ አደረገው። የዲያስፖራ ፖለቲካ ውስጥ ላለ ሰው ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ያልጠበቁት አባሪ ፋይል ከወዳጅ ስም ቢመጣ እንኳ ከመክፈት በፊት ደውሎ መጠየቅ ይሻላል።

አንቲቫይረስ ጨርሶ የማያየውም አለ፦ በኪቦርዱ ገመድና በኮምፒውተሩ መካከል የሚሰካ፣ ፍላሽ የሚያህል ዕቃ። ሶፍትዌር ስላልሆነ የሚያገኘው ዓይን ብቻ ነው። የዴስክቶፑን ጀርባ ዞር ብሎ ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

“በአማርኛ ስለምጽፍ አይገባቸውም” የሚለው ደግሞ በእኛ ዘንድ ብቻ ያለ መጽናኛ ነው። የሚመዘገበው ጣታችን የነካው ቁልፍ ነው። «ሰላም» ለማለት በድምፅ ስልት የምንነካቸው የላቲን ቁልፎች ተከታትለው ይቀመጣሉ፤ አማርኛ የሚችል ሰው ያለ ችግር ያነባቸዋል። በማውስ እየተጫኑ በስክሪን ላይ መጻፍም መሸሸጊያ አይሆንም፤ ብዙዎቹ ሰላዮች ስክሪኑንም ፎቶ ያነሳሉ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ዊንዶውስ ላይ ማይክሮሶፍት በነፃ የሚሰጠው አውቶራንስ ኮምፒውተሩ ሲከፈት አብሮ የሚነሳውን ሁሉ ይዘረዝራል፤ የማይክሮሶፍትን የራሱን ደብቆ የቀረውን ብቻ ማየት ይቻላል። የማያውቁትን ስም ወዲያው አያጥፉ፣ አምራቹን ያጣሩ። የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ ዲፌንደር፣ ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚያደርገው ኦፍላይን ስካንም አለ። ማክ ላይ በፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ሥር ኢንፑት ሞኒተሪንግ የሚለውን ይክፈቱ፤ ቁልፍ እንዲያነቡ የተፈቀደላቸው ፕሮግራሞች እዚያ ይታያሉ።

ከተገኘ በኋላ “አጠፋሁት፣ አለቀ” ማለት አደገኛው ስህተት ነው። የተጻፈው ፓስወርድ ቀድሞ ሄዷል። ከሌላ ንጹሕ ስልክ ወይም ኮምፒውተር፣ ከኢሜይል ጀምሮ ሁሉንም ይቀይሩ፤ በኮድ የሚረጋገጥ ሁለተኛ መግቢያም ያብሩ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው። ሰላዩን የጫነው ጉልበተኛ የትዳር አጋር ነው ብላ የምትጠረጥር ሴት ግን አስቀድማ አትንካው፤ መዝገቡ በድንገት ሲቋረጥ እሱ ያውቃል። መጀመሪያ እሱ በማይደርስበት ስልክ የሚረዳትን ሰው ታግኝ፣ ደኅንነቷንም ታመቻች።