የጥናት ረቂቅን ለምርምር መጽሔት ስለ ማዘጋጀት፤ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ለሚያስተምሩ መምህራን

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሚያስተምር መምህር በየዕለቱ የሚያየው የመማር ማስተማር ሁናቴ በሌሎች አካባቢዎች ከሚታየው በብዙ መልኩ የተለየ ነው። በአሶሳ ወይም በግልገል በለስ አካባቢ በሚገኝ አንድ ክፍል ውስጥ አፉን በበርታኛ፣ በጉሙዝኛ ወይም በሽናሽኛ የፈታ ሕፃን አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ከሚናገር ጓደኛው ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ ሊማር ይችላል። በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ከወሰነ ወዲህ፣ ይህ ውሳኔ በክፍል ውስጥ ያስገኘውን ውጤትና የገጠመውን ችግር ከማንም በተሻለ የሚያውቀው መምህሩ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ዕውቀት በአብዛኛው የሚቀረው በመመረቂያ ጽሑፍነት ተጠርዞ በኮሌጅ መደርደሪያ ላይ፣ ወይም በሪፖርት መልክ በወረዳ ጽ/ቤት ሣጥን ውስጥ ነው። የመማሪያ መጽሐፍ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች የሚጠቅሱት ግን ታትሞ ያገኙትን ነው። ከዚህም የተነሣ ያልታተመው ጥናት እንዳልተደረገ ይቆጠራል፤ ስለ በርታና ስለ ጉሙዝ ሕፃናት የሚወሰነውም ስለ ሌሎች ሕፃናት በተጻፈ ጥናት መሠረት ይሆናል።

ረቂቅ ከመጻፉ በፊት መታወቅ ያለበት የመመረቂያ ጽሑፍና የመጽሔት ጽሑፍ አንድ አለመሆናቸው ነው። የመጀመሪያው ተማሪው ያነበበውንና የሠራውን ሁሉ ለፈታኞቹ የሚያሳይበት ሲሆን፣ ሁለተኛው አንድ ጥያቄ አንሥቶ ለዚያ ብቻ መልስ ይሰጣል። አምስቱን ምዕራፍ እየቀነሱ ማሳጠር ረቂቁን አያድነውም። በዚህ ረገድ ስለ በርታ ቋንቋ ያጠናው የዴንማርክ ተወላጅ ቶርበን አንደርሰን መልካም አርአያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተመው ጽሑፍ በቋንቋው የድምፅ ሥርዓት ላይ የተወሰነ ነበር፤ በ1995 ያሳተመው ደግሞ የዐረፍተ ነገር ባለቤትና ተሳቢ የሆኑ ስሞች በሚለዩበት መንገድ ላይ ብቻ ያተኩራል። «በአሶሳ ዞን የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት ችግሮች» የሚል ርእስ ለአንድ መጽሐፍም ይሰፋል። በርታኛ በላቲን፣ አማርኛ በግዕዝ ፊደል የሚጻፉ በመሆናቸው «በበርታኛ ማንበብ የጀመሩ የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ወደ አማርኛ ንባብ ሲሻገሩ የሚያደርጓቸው ስሕተቶች» የሚለው ግን በአንድ ጽሑፍ ሊፈጸም የሚችልና ለመጽሐፍ አዘጋጁ በቀጥታ የሚጠቅም ነው።

ስለ መግቢያው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ብዙ ረቂቆች ትምህርት ለሰው ልጅ ያለውን ጥቅም ከማውሳት ይነሡና ዓለምን፣ አፍሪካንና ኢትዮጵያን አዳርሰው አሶሳ ሲገቡ ገምጋሚው ደክሞታል። ከዚህ ይልቅ ስለ አካባቢው ቀድሞ የተጻፈውን ፈልጎ ማሳየት ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመውን የአሌሳንድሮ ትሪዩልዚን የቤላ ሻንጉል ታሪክ፣ በ2007 የወጣውን የበርታ፣ እንግሊዝኛና አማርኛ መዝገበ ቃላት፣ እንዲሁም ኮሊን አህላንድ በ2012 ያቀረበችውን የጉሙዝኛ ሰዋስው ጥናት ሳይመለከት «በዚህ ቋንቋ ላይ ምንም አልተጻፈም» የሚል ረቂቅ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አመኔታ ያጣል።

የረቂቁ ዋና አካል የጥናቱን አካሄድ የሚገልጸው ክፍል ነው፤ በብዛት የሚታጎለውም ይኸው ነው። «መረጃው በመጠይቅ ተሰብስቧል» ብሎ ማለፍ አይበቃም። መጠይቁ በየትኛው ቋንቋ ተዘጋጀ? ጉሙዝኛ ብቻ ለሚናገር ወላጅ ማን አስተረጐመለት? አስተርጓሚው የት/ቤቱ መምህር ከነበረ ወላጁ ስለ ት/ቤቱ ያለውን ቅሬታ በፊቱ ሊናገር ይችል ነበርን? በአማርኛ የተዘጋጀ የንባብ ፈተና ለጉሙዝ ተማሪዎች ተሰጥቶ ዝቅተኛ ውጤት ቢገኝ፣ የተለካው የማንበብ ችሎታ ነው ወይስ የአማርኛ ዕውቀት? ይህን ለመለየት ያልሞከረ ጥናት «ተማሪዎቹ ደካሞች ናቸው» የሚለውን የቆየ አስተያየት በአኃዝ አስጊጦ ከመመለስ በቀር አዲስ ነገር አያስገኝም።

በመዝገብ ላይ የሚገኝ አኃዝም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። አሶሳ ቀድሞ በወለጋ፣ መተከል ደግሞ በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር የነበሩ ሲሆን፣ በ1980 ዓ.ም. በተደረገው የአስተዳደር ለውጥ ሁለቱም ራሳቸውን የቻሉ የአስተዳደር አካባቢዎች ሆነዋል፤ ዛሬ ያሉበት ክልል የተዋቀረው ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነው። የቀድሞውን የተማሪ ቁጥር ከአሁኑ ጋር የሚያነጻጽር ጸሐፊ የትኛውን ወሰን እንደ ተከተለ ካልገለጸ፣ ዕድገት ብሎ የሚያቀርበው የካርታ ለውጥ ሊሆን ይችላል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በካማሺ፣ ቀጥሎም በመተከል በደረሰው ግጭት ብዙ ቤተሰቦች ተፈናቅለዋል፤ ት/ቤቶችም ተዘግተዋል። በእነዚያ ዓመታት በመዝገብ ያልተገኘ ተማሪ ሁሉ ትምህርቱን በፈቃዱ ያቋረጠ አይደለም። ጸሐፊው የጎደለውን ቁጥር ከነምክንያቱ ቢያስቀምጥ ጥናቱ አይዋረድበትም፤ እንዲያውም ይታመንበታል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው የተጠኚዎቹ ክብር ነው። የክልሉን ሕዝቦች በቀድሞ ሰነዶች የሚገኙትን የንቀት መጠሪያዎች ትቶ ራሳቸው በሚጠሩበት ስም መጥራት ይገባል፤ ሽናሾች ለምሳሌ ራሳቸውን ቦሮ ይላሉ። የሕፃናት ወላጆች ፈቃዳቸውን የሰጡት በሚያውቁት ቋንቋ ተገልጾላቸው መሆኑም በጽሑፉ ውስጥ መጠቀስ አለበት። ስም መደበቅ ብቻውን ምሥጢር መጠበቅ አይደለም። በወረዳው ያለው ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት አንድ ብቻ ከሆነ የወረዳውን ስም መጻፍ ርእሰ መምህሩን በስሙ ከመጥራት አይለይም።

የዘመን አቆጣጠርና የስም አጻጻፍ ጥቃቅን ቢመስሉም ብዙ ረቂቆችን ያስመልሳሉ። ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ለመለወጥ ሁልጊዜ ስምንት መደመር ስሕተት ነው። የኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሕገ መንግሥት የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን፣ በሥራ ላይ የዋለው ነሐሴ 15 ቀን ሲሆን ሁለቱም በ1987 ዓ.ም. ናቸው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ግን የፊተኛው በ1994፣ የኋለኛው በ1995 ይውላል። ስለዚህ ወሩን ማወቅ የግድ ነው። ስምን በተመለከተ፣ በጉሙዝና በቤላ ሻንጉል ስለ ነበረው የባሪያ ንግድ እ.ኤ.አ. በ1999 ጥናት ያሳተሙት አብዱሰመድ አሕመድ በውጭ አገር ልማድ «አሕመድ» ተብለው፣ ማለትም በአባታቸው ስም ሊመዘገቡ ይችላሉ። ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ ኢትዮጵያውያንን የሚያስቀምጠው በራሳቸው ስም ነው። ጸሐፊው የመጽሔቱን መመሪያ አይቶ አንዱን መንገድ እስከ መጨረሻው ይያዝ። የፊደልም ነገር አለ፤ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በነበሩት የጽሕፈት ፕሮግራሞች የተተየበ ጽሑፍ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። በርታኛና ጉሙዝኛም የድምፅ ቃና የሚለይባቸው ቋንቋዎች ስለሆኑ፣ የቃና ምልክቶቹ በመላክ ላይ እንዳይጠፉ አብሮ የማይለወጥ የፒዲኤፍ ቅጂ መላክ ይበጃል።

መጽሔት መምረጥ ከጽሕፈቱ በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ የገጹ ልክና የአጠቃቀስ ሥርዓቱ ከዚያ ይነሣሉና። ዘ ኢትዮጵያን ጆርናል ኦፍ ኤዱኬሽን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የሚታወቅ ነው፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲም የትምህርትና የሳይንስ መጽሔት አለው። በሌላ በኩል፣ በሳምንት ውስጥ አሳትማለሁ እያሉ በኤሌክትሮኒክ መልእክት ገንዘብ የሚጠይቁ የስም መጽሔቶች በዝተዋል። የአሜሪካው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ጄፍሪ ቢል እነዚህን እየዘረዘረ ያወጣ ነበር፤ ዝርዝሩ እ.ኤ.አ. በ2017 ተቋርጧል። ከመላክ በፊት የአዘጋጆቹን ማንነት ማጣራትና ቀድሞ የወጡ ሁለት ሦስት እትሞችን ማንበብ የጸሐፊው ፈንታ ነው። የመምህር ደመወዝ ለእንዲህ ዓይነቱ ኪሣራ አይተርፍም።

ረቂቁ ከተላከ በኋላ የገምጋሚዎች መልስ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ እስከዚያው ያንኑ ለሌላ መጽሔት መላክ ክልክል ነው። አስተያየቱ ሲመጣ እያንዳንዱን ነጥብ ጠቅሶ፣ የተለወጠውን ከነገጹ፣ ያልተለወጠውንም ከነምክንያቱ በደብዳቤ መመለስ የተለመደ ሥርዓት ነው። አልፎ አልፎ ገምጋሚው አካባቢውን ባለማወቁ የሚሳሳትበት ጊዜ አለ። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሁለት የፊደል ሥርዓት ስለ ምን እንደሚማር ግራ ቢገባው፣ ማብራሪያው በደብዳቤው ላይ ብቻ መቅረት የለበትም፤ በጽሑፉ ውስጥ በአንድ ወይም በሁለት ዐረፍተ ነገር ይግባ፤ በአዲስ አበባም ሆነ በውጭ አገር የሚያነበው ሰው ያንኑ መጠየቁ አይቀርምና።