ስምንት ያልሆነው 8

አንድ ተማሪ በሳይንቲፊክ ካልኩሌተሩ 5⁻³ ይጽፍና የእኩል ምልክቱን ይጫናል። መስኮቱ ላይ ትልቅ 8 ይወጣል፤ ከጎኑ ×10⁻⁰³ የምትል ደቃቅ ጽሑፍ አለች። ተማሪው 8ን ብቻ ወረቀቱ ላይ ያሰፍራል። መልሱ ግን 0.008 ነው። ማሽኑ አልተሳሳተም፤ ብዙዎቹ የካሲዮ ካልኩሌተሮች «ኖርም 1» በሚባለው አሠራር ላይ ሲሆኑ ከ0.01 ያነሰን ቁጥር በ10 ርቢ አሳጥረው ያሳያሉ። ወደ «ኖርም 2» ሲቀየሩ ያው መልስ 0.008 ሆኖ ይነበባል።

ነጌቲቭ ርቢ ራሱ የሚያስፈራ ነገር የለውም። ከ5³ ተነስቶ ርቢው በአንድ በቀነሰ ቁጥር ለ5 እየተካፈለ እንደሚወርድ ደረጃ ነው፦ 125፣ 25፣ 5። ርቢው ዜሮ ሲሆን 1 ላይ ይደረሳል፤ መውረዱ ከቀጠለ 1/5፣ 1/25፣ 1/125 ይመጣል። ሰረዟ ቁጥሩን ትገለብጠዋለች እንጂ ከዜሮ በታች አታወርደውም።

ቁልፎቹ ላይ ግን መጠንቀቅ ያሻል። ሁለት ሰረዞች አሉ፤ አንዷ የመቀነስ፣ ሌላዋ በቅንፍ ውስጥ የተቀመጠችው የነጌቲቭ ምልክት። በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ማሽኖች ላይ ርቢው ቦታ የመቀነሷን መጫን የስህተት መልእክት ያመጣል። −2² ብሎ የጻፈ ሰውም 4 ሲጠብቅ −4 ያገኛል፤ ማሽኑ መጀመሪያ ርቢውን ሠርቶ ሰረዟን በኋላ ስለሚያስከትል። 4 የሚገኘው −2ን በቅንፍ በማጠር ነው።

ክፍልፋይ ርቢ ላይ የቅንፍ ነገር ይብሳል። 8 ርቢ 1/3 ማለት ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 8 የሚሰጥ ቁጥር፣ ማለትም ሣልስ ዘር ነው፤ መልሱ 2። ሁሉንም በአንድ መስመር በሚጽፉት ማሽኖች ላይ ግን 8^1÷3 ተብሎ ሲገባ 2.666666667 ይወጣል፤ 8 ርቢ 1 ተሠርቶ ለ3 ተካፍሏልና። 8^(1÷3) መባል አለበት። ርቢውን ከፍ ብላ በተቀመጠች ትንሽ ሳጥን ውስጥ የሚጽፉት አዳዲሶቹ ማሽኖች ቅንፍ አይጠይቁም፤ ከሳጥኗ ለመውጣት ግን የቀኝ ቀስቱን መጫን ግድ ነው።

ላዕሉ ከ1 ሲበልጥም ሥራው ያው ነው፤ ታህቱ ዘሩን፣ ላዕሉ ርቢውን ይናገራል። 27 ርቢ 2/3 ሲባል የ27 ሣልስ ዘር 3 ነው፤ የ3 ዳግም ርቢ ደግሞ 9።

ይህ ዕውቀት ኪስ ድረስ ይዘልቃል። ገንዘብ በ10 ዓመት እጥፍ እንዲሆን ስንት በመቶ የዓመት ወለድ ያስፈልጋል? ወለዱ እየተደመረ ወለድ የሚወልድ ከሆነ 10 በመቶ አይደለም። 2^(1÷10) 1.0718 ገደማ ስለሚሰጥ 7.18 በመቶ ይበቃል።

አሳቡ ከማሽኑ በብዙ ያረጀ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ዋሊስ እ.ኤ.አ. በ1656 ባሳተመው ሥራ ነጌቲቭና ክፍልፋይ ርቢን ተጠቅሟል፤ ኒውተንም በ1676 በደብዳቤዎቹ እንዲህ ያሉትን ርቢዎች ዛሬ በምንጽፍበት መልክ ጽፏቸዋል። ሥራውን የሸሚዝ ኪስ ውስጥ ያስገባው ግን በ1972 በ395 ዶላር ለገበያ የቀረበው የሂውለት-ፓካርድ ካልኩሌተር ኤችፒ-35 ነው፤ 35ቱ ቁልፎቹ ናቸው።

ካልኩሌተር ርቢው 1/10 ሲሆን ቁጥሩን በራሱ አንድ አሥረኛ ጊዜ ሊያባዛው አይችልም። የቁጥሩን ሎጋሪዝም፣ ማለትም እንደ 10 ያለ መነሻ ቁጥር በስንት ርቢ ያን ቁጥር እንደሚሰጥ፣ ያወጣል፣ በርቢው ያባዛዋል፣ ከዚያ ከሎጋሪዝም ወደ ተራ ቁጥር ይመልሰዋል። የመጀመሪያዎቹ ኤችፒ-35ዎች በዚህ የመልስ ጉዞ ላይ እንከን ነበረባቸው፤ 2.02ን ወደ ሎጋሪዝም ወስደው ሲመልሱት 2 ብቻ ይሰጡ ነበር። ከዜሮ በታች ላለ ቁጥር ተራ ሎጋሪዝም ስለሌለው ደግሞ −8ን በቅንፍ አጥሮ ርቢውን 0.3333333 ያደረገ ሰው የስህተት መልእክት ይጠብቀዋል። ርቢው 1÷3 ተብሎ ሲጻፍ ግን ብዙ ማሽኖች ሣልስ ዘር መሆኑን ለይተው −2 ይላሉ።

ነጌቲቩና ክፍልፋዩ አብረው ከሚሠሩባቸው ቦታዎች አንዱ የጥንት ቅሪት ዕድሜ ልኬት ነው። ካርቦን 14 በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። የ10,000 ዓመት ከሰል ውስጥ የቀረውን ለማወቅ 2^(−10000÷5730) ይጻፋል፤ መልሱ 0.298፣ ማለትም 30 በመቶ ገደማ። በ1974 አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ ግን ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። በ10000 ቦታ 3200000 ሲገባ እውነተኛው መልስ ከነጥቡ በኋላ ከ160 በላይ ዜሮዎች ይደረደሩበታል፤ ብዙዎቹ ካልኩሌተሮች ከ10⁻⁹⁹ ያነሰውን መያዝ ስለማይችሉ መስኮቱ ላይ 0 ብቻ ይታያል። አጥንቷ ውስጥም የሚለካ ካርቦን 14 የለም። ዕድሜዋ የታወቀው በአካባቢው በተነባበረው የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ያለው የአርጎን ጋዝ ተለክቶ ነው።