ዋይፋይ ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት የዘጋውን ለዩ

ሊኑክስ በጫናችሁበት ላፕቶፕ ዋይፋይ አልበራ ሲል፣ ካርዱ ተቃጥሏል ብላችሁ ከሰበታ ወይም ከሱሉልታ አዲስ አበባ ጥገና ቤት ድረስ አትድከሙ። ካርዱ ደህና ሆኖ ሬዲዮው ብቻ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ማስረጃው እጃችሁ ላይ ነው፤ ተርሚናል ላይ «አርኤፍኪል ሊስት» ብላችሁ ስትጽፉ ለእያንዳንዱ ሬዲዮ «ሶፍት ብሎክድ» እና «ሃርድ ብሎክድ» የሚሉ ሁለት መስመሮች ይወጣሉ። የመጀመሪያው «የስ» ካለ የዘጋው ሶፍትዌር ስለሆነ «አርኤፍኪል አንብሎክ ዋይፋይ» ይከፍተዋል። ሁለተኛው «የስ» ካለ ግን ይህ ትእዛዝ አይሠራም፤ የጎን ማብሪያ ማጥፊያውን፣ የኪቦርዱን የዋይፋይ ቁልፍ ወይም ባዮሱን ተመልከቱ።

«የእኔ ላፕቶፕ ማብሪያ የለውም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በአንዳንድ የሌኖቮ አይዲያፓድ ሞዴሎች የቆየ የሊኑክስ ከርነል የአይዲያፓድ ሞጁል የሌለውን ማብሪያ እንደተዘጋ ይቆጥረዋል፤ መፍትሔው ሞጁሉን በ«ሞድፕሮብ» ትእዛዝ ማውጣት ነው። «ዊንዶውስ ብጭንበትስ?» ለሚል፣ ማብሪያው ከጠፋ ዊንዶውስም አይከፍተውም፤ ፋይላችሁን ግን ልታጡ ትችላላችሁ። ዋይፋዩ ከዝርዝሩ ጭራሽ ከሌለ ያን ጊዜ ድራይቨሩን፣ ፈርምዌሩን፣ በመጨረሻም ካርዱን መጠርጠር ተገቢ ነው። ምርመራው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ስለዚህ ከወጪው ይቅደም።