ውሃ መለወጥ ብቻውን ለምን አይበቃም?

ለዶክትሬት ትምህርት በውጭ አገር ሳለን በመኖሪያ ክፍላችን 100 ሊትር የሚይዝ የጨው ውሃ አኳሪየም ነበረን። በየሳምንቱ የውሃውን ሩብ ሳናስታጉል ብንለውጥም፣ የኮራሎቻችን ቀለም ወደ ቡናማነት ይለወጥ ጀመር፤ እድገታቸውም ተገታ። ናይትሬቱን ብንለካው በሊትር 40 ሚሊ ግራም ላይ ቆሞ አገኘነው። ስህተታችን ምን ነበር?

እንደሚታወቀው ከዓሦች ምግብና ቆሻሻ አሞኒያ ይፈጠራል። ባክቴሪያዎች በኦክስጅን እየታገዙ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። ናይትሬት ለዓሦች ከሁለቱ ያነሰ ጉዳት ቢኖረውም፣ ሲበዛ በኮራሎች ሕዋሳት ውስጥ የሚኖሩትን አልጌዎች ከልክ በላይ ያራባል፤ ቡናማው ቀለም የእነርሱ ነው። ኮራል በሚያድግበት ባሕር የናይትሬት መጠን አብዛኛውን ጊዜ በሊትር ከ1 ሚሊ ግራም በታች ነው።

እስቲ እናስላ። በየሳምንቱ በእያንዳንዱ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ናይትሬት ይፈጠራል፤ የምንጨምረው አዲስ ውሃም ናይትሬት የለበትም እንበል። መጠኑ 40 ሲደርስ ሩቡን ብንለውጥ 10 ይወጣል፤ በሳምንቱ 10 ይተካል። ስለዚህ ከ40 ፈቀቅ አይልም። ግማሹን ውሃ ብንለውጥ 20 ላይ ይረጋል፤ ውሃውን እንደ ቀድሞው እየለወጥን የናይትሬቱን ምንጭ በግማሽ ብንቀንስም ያው 20 ነው።

ሌላም መንገድ አለ። ኦክስጅን በማይደርስበት ጥልቅ አሸዋ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሬትን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ለውጠው ወደ አየር ይሸኙታል።

እኛም ምግቡን ቀነስን፤ አሸዋውንም አጠለቅን። ለግማሾቹ ኮራሎች ግን ዘግይተን ነበር። ባልዲ ከማንሳታችን በፊት እርሳስ አንስተን ቢሆን ኖሮ ባልሞቱ ነበር።