በአንዲት የጭነት አውሮፕላን የተጀመረው አየር መንገድ

በሆንግ ኮንግ የሳይንስ ሙዚየም ውስጥ አንዲት ባለሁለት ሞተር አሮጌ አውሮፕላን ከጣሪያው ሥር ተንጠልጥላ ትታያለች። ስሟ "ቤትሲ" ይባላል። ዛሬ በዓለም ከታወቁት አየር መንገዶች አንዱ የሆነው ካቴይ ፓሲፊክ የመጀመሪያ አውሮፕላኑ እርሷ ናት። ይሁን እንጂ ቤትሲ ሥራ የጀመረችው መንገደኛ ለማመላለስ አልነበረም፤ ሸቀጥ ለማጓጓዝ እንጂ።

ጭነት በማመላለስ ተነሥተው የመንገደኛ አየር መንገድ ለመሆን የሚያልሙ ድርጅቶች በየአህጉሩ አሉ። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ አውሮፕላኑ አለ፣ አብራሪው አለ፣ የቀረው ወንበር መግጠም ብቻ ነው። የካቴይ ፓሲፊክ ታሪክ ግን ከወንበሩ ይልቅ የሚከብደው ሌላ መሆኑን ያሳያል። እርሱም የመብረር መብት ነው። ያንን መብት ለማግኘት መሥራቾቹ የከፈሉት ዋጋም ቀላል አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጦርነት የተረፈ አውሮፕላን

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓን ወደ ቻይና የሚያስገባውን የበርማ መንገድ በዘጋች ጊዜ፣ ለቻይና የሚላከው ስንቅና ትጥቅ ከሕንድ ተነሥቶ በሂማላያ ተራሮች ላይ በአየር መሻገር ነበረበት። የአየሩ ጠባይ ክፉ፣ ተራራው ከፍተኛ በመሆኑ በዚያ መሥመር ላይ በመቶ የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች ወድቀዋል። በዚህ አስቸጋሪ መሥመር ከበረሩት መካከል አሜሪካዊው ሮይ ፋሬል እና አውስትራሊያዊው ሲድኒ ደ ካንትዞው ይገኙበታል። ሁለቱም የቻይና ብሔራዊ አቪዬሽን ኮርፖሬሽን አብራሪዎች ነበሩ።

ጦርነቱ ሲያበቃ የአሜሪካ መንግሥት ትርፍ የሆኑበትን ወታደራዊ አውሮፕላኖች ለሽያጭ አቀረበ። ፋሬል ከእነዚህ አንዱን፣ ሲ-47 የተባለውን የዲሲ-3 ወታደራዊ ዓይነት፣ ገዝቶ ቤትሲ ሲል ሰየመው። ሲ-47 ሰፊ የጭነት በር ያለው፣ ጠንካራ ወለል የተገጠመለት፣ ባልተስተካከለ ማረፊያም የሚያርፍ ጠንካራ አውሮፕላን ነበር። 28 ወታደሮችን ወይም ሦስት ቶን የሚጠጋ ዕቃ ይጭናል።

ፋሬል አልባሳትና የመዋቢያ ዕቃዎችን የመሰሉ ሸቀጦችን ጭኖ በ1946 መጀመሪያ ላይ ሻንጋይ ደረሰ። ለዓመታት በጦርነት የተራቆተችው ከተማ ሁሉም ነገር ያስፈልጋት ነበር። ቀጥሎም ከአውስትራሊያ የሱፍ ውጤቶችን ወደ ቻይና ማምጣት ተጀመረ። ንግዱ የተመሠረተው በአንድ ግልጽ ምክንያት ላይ ነው፤ መርከቦች ጥቂት፣ ወደቦች የተጎዱ፣ ገዢው ግን ብዙ ነበር።

ይህ ዓይነቱ ንግድ ሁለት ድካሞች አሉት። አንደኛው፣ ጭነት በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ መሆኑ ነው። ሱፉ ወደ ሻንጋይ ይሄዳል፤ አውሮፕላኑ ሲመለስ የሚጭነው ላያገኝ ይችላል። ሰው ግን ሄዶ ይመለሳል። ሁለተኛው፣ የሸቀጥ እጥረት የሚፈጥረው ትርፍ እጥረቱ ሲያበቃ አብሮ ያበቃል። መርከቦቹ ወደ ሥራቸው ሲመለሱ ሱፍ በአውሮፕላን የሚያስጭን ነጋዴ አይኖርም። ስለሆነም ሁለቱ አብራሪዎች ፊታቸውን ወደ መንገደኛ ማዞራቸው የምኞት ብቻ ሳይሆን የሕልውና ጉዳይም ነበር።

ስምና ፈቃድ

ድርጅቱ መቀመጫውን ከሻንጋይ ወደ ሆንግ ኮንግ አዛውሮ መስከረም 24 ቀን 1946 ካቴይ ፓሲፊክ ኤርዌይስ በሚል ስም ተመዘገበ። "ካቴይ" ጥንታዊ የቻይና መጠሪያ ሲሆን፣ "ፓሲፊክ" የሚለው ደግሞ አንድ ቀን ሰላማዊ ውቅያኖስን የመሻገር ተስፋን ያዘለ ነበር። በምዝገባው ጊዜ ሁለቱ መሥራቾች ያስቀመጡት ገንዘብ እያንዳንዳቸው 1 የሆንግ ኮንግ ዶላር እንደነበር ይነገራል። ብዙም ሳይቆይ አየር መንገዱ ወደ ማኒላ፣ ባንኮክና ሲንጋፖር መንገደኛም ጭነትም ማመላለስ ጀመረ።

እዚህ ላይ ትልቁ እንቅፋት ብቅ አለ። በ1944 ቺካጎ ላይ የተፈረመው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት እያንዳንዱ አገር በአየር ክልሉ ላይ ሙሉ ሥልጣን እንዳለው ይደነግጋል። በዚሁ ስምምነት አንቀጽ 6 መሠረት፣ ቋሚ መርሐ ግብር ያለው ዓለም አቀፍ በረራ ያለ አገሩ ልዩ ፈቃድ ወደ ማንኛውም አገር መግባት አይችልም። አልፎ አልፎ በኪራይ የሚደረግ የጭነት በረራ ላላ ያለ ደንብ ሲኖረው፣ በየሳምንቱ በታወቀ ሰዓት መንገደኛ ይዞ መነሣት ግን በመንግሥታት መካከል የሚደረግ ድርድር ይጠይቃል። የሚደራደረውም ነጋዴው ሳይሆን መንግሥት ነው።

ሆንግ ኮንግ በዚያን ጊዜ በብሪታንያ አገዛዝ ሥር ስለነበረች፣ ስለ አየር መንገዷ የምትደራደረው ለንደን ነበረች። ለንደን ደግሞ በስሟ የምትደራደርለት ድርጅት አብላጫ ባለቤትነቱ በብሪታንያውያን እጅ እንዲሆን ትሻለች። ፋሬል አሜሪካዊ ነው። አውሮፕላኑን ገዝቶ ያመጣው፣ ንግዱን የጀመረው እርሱ ቢሆንም በፓስፖርቱ ምክንያት በገዛ ድርጅቱ ላይ እንቅፋት ሆኖ ተገኘ።

በ1948 በተደረገው ስምምነት በተርፊልድ እና ስዋየር የተባለው የብሪታንያ የንግድ ድርጅት 45 በመቶውን፣ የአውስትራሊያ ናሽናል ኤርዌይስ 35 በመቶውን አክሲዮን ወሰዱ። ለሁለቱ መሥራቾች የተረፋቸው ለእያንዳንዳቸው 10 በመቶ ብቻ ነበር። ፋሬል ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ደ ካንትዞውም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ድርጅቱን ተሰናበተ። አየር መንገዱ የመብረር መብቱን አስጠበቀ፤ መሥራቾቹ ግን አየር መንገዳቸውን አጡ።

ከሱፍ ጋር ያልመጣ አደጋ

አዲሱ ድርጅት ሥራውን የጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1948 ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሐምሌ 16 ቀን፣ ከማካው ወደ ሆንግ ኮንግ ይበር የነበረ "ሚስ ማካው" የተሰኘ የካታሊና የባሕር ላይ አውሮፕላኑ በተሳፋሪ መካከል በተቀመጡ ታጣቂዎች ተጠለፈ። ዓላማቸው ሀብታም መንገደኞችን መዝረፍ ነበር። በተፈጠረው ግብግብ አብራሪው ተመቶ አውሮፕላኑ ባሕር ውስጥ ወደቀ። ከ26 ሰዎች 25ቱ ሞቱ። በሕይወት የተረፈው አንዱ ከጠላፊዎቹ ወገን ሆኖ ተገኘ። ድርጊቱ የተፈጸመው በማን የዳኝነት ክልል ነው የሚለው ጥያቄ መልስ በማጣቱም ለፍርድ ሳይቀርብ ተለቀቀ።

ይህ ክስተት የንግድ መንገደኛ አውሮፕላን ጠለፋ የመጀመሪያው ተብሎ በታሪክ ይጠቀሳል። በጭነትና በመንገደኛ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያሳይም ነው። የሱፍ ጥቅል መሣሪያ አይታጠቅም፣ ሲዘገይ አያማርርም፣ ሲወድቅም ቤተሰቡ አያለቅስም። መንገደኛ የሚጭን ድርጅት ግን ከመነሻ ፍተሻ እስከ አደጋ ጊዜ መውጫ በር፣ ከሠለጠነ አስተናጋጅ እስከ ካሳ ክፍያ ድረስ ሌላ ዓይነት ኃላፊነት ይሸከማል። የጭነት ድርጅት ወደ መንገደኛ ሲሸጋገር ወጪው የሚያሻቅበውም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

መሥመር ያገኘ ያድጋል

በ1949 የሆንግ ኮንግ ሁለት አየር መንገዶች መሥመር ተከፋፈሉ። በአብዛኛው የደቡቡ አቅጣጫ ለካቴይ ፓሲፊክ፣ የሰሜኑ ደግሞ ለተፎካካሪው ለሆንግ ኮንግ ኤርዌይስ ተሰጠ። በጊዜው ሻንጋይን የያዘው የሰሜኑ ድርሻ የተሻለ ይመስል ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት በቻይና የመንግሥት ለውጥ ሆኖ የሰሜኑ በር ተዘጋ። ባንኮክ፣ ማኒላና ሲንጋፖር ግን ክፍት ሆነው ቀሩ። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1959፣ ካቴይ ፓሲፊክ ተፎካካሪውን ጠቀለለው። በ1962 የመጀመሪያውን ጄት አስገባ፤ በ1980 ለንደን ደረሰ፤ በ1983 ደግሞ ወደ ቫንኩቨር በመብረር በስሙ ያዘለውን ውቅያኖስ ተሻገረ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታሪክ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ትምህርት ይሰጣል። እርሱም በዚያው በ1946፣ በዚያው ሲ-47 ነው የጀመረው። ሚያዝያ 8 ቀን የመጀመሪያውን በረራ ከአዲስ አበባ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። በእነዚያ አውሮፕላኖች መንገደኞች በግራና በቀኝ በተዘረጉ ታጣፊ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ይቀመጡ ነበር፤ ጭነቱ በመካከላቸው ይታሰራል። ልዩነቱ ከአውሮፕላኑ ሳይሆን ከባለቤቱ ላይ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድን ያቋቋመው መንግሥት በመሆኑ የሚደራደርለት አካል ከመጀመሪያው ነበረው። ካቴይ ፓሲፊክ ግን አውሮፕላን ይዞ ተደራዳሪ ፍለጋ መሄድ ነበረበት።

ጭነቱ የትም አልሄደም

የመንገደኛ አየር መንገድ መሆን ጭነትን መተው ማለት አይደለም። በትልቅ የመንገደኛ አውሮፕላን ከወንበሮቹ ወለል በታች ያለው ክፍል ከሻንጣ በተጨማሪ በቶን የሚቆጠር ዕቃ ይይዛል። ቀድሞ ጭነት የሚያውቅ ድርጅት ይህን ቦታ መሸጥ ያውቅበታል። ካቴይ ፓሲፊክም በ1982 ለጭነት ብቻ የተሠራ ቦይንግ 747 በማስገባት ወደ ጥንት ሥራው በትልቅ አቅም ተመልሷል።

የዚህ ጥቅም ጎልቶ የታየው በ2020 ነበር። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት መንገደኛ ሲጠፋ፣ ከዓመት በፊት የመንገደኛው ገቢ ከጭነቱ ከሦስት እጥፍ በላይ የነበረው ካቴይ ፓሲፊክ፣ በዚያ ዓመት ከጭነት ያገኘው ገቢ ከመንገደኛው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ይህም ሆኖ ከኪሳራ አልዳነም፤ የ39 ቢሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር የካፒታል ማጠናከሪያ አስፈልጎታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በበኩሉ በርካታ የመንገደኛ አውሮፕላኖቹን ወንበር አውጥቶ መድኃኒትና የሕክምና ቁሳቁስ በማጓጓዝ ያን ጊዜ ያለ መንግሥት የገንዘብ ድጎማ ተሻግሯል። ከ70 ዓመት በፊት በአግዳሚ ወንበሮቹ መካከል ይታሰር የነበረው ጭነት በክፉ ቀን የአየር መንገዱ መደገፊያ ሆነ።

በአፍሪካ ያለው ጥያቄ

ዛሬ በአፍሪካ በትናንሽ አውሮፕላኖች የእርዳታ እህል፣ መድኃኒትና ፖስታ የሚያመላልሱ ድርጅቶች ጥቂት አይደሉም። ከእነዚህ አንዱ ወደ መንገደኛ አገልግሎት ልሸጋገር ቢል የሚገጥመው ጥያቄ በ1948 ፋሬልን የገጠመው ነው፤ አውሮፕላኑን ማን ይገዛል ከሚለው ይልቅ፣ የሰማዩን በር ማን ይከፍታል የሚለው።

የአፍሪካ አገሮች ይህን በር እርስ በርሳቸው ለመክፈት በ1999 የያሙሱክሮን ውሳኔ አሳልፈዋል። በጥር 2018 ደግሞ በአዲስ አበባ ነጠላ የአፍሪካ የአየር ትራንስፖርት ገበያን ይፋ አድርገዋል። ስምምነቱ በወረቀት ላይ ካለው አልፎ በየአየር ማረፊያው ተግባራዊ ሲሆን፣ መነሻው ጭነት የሆነ ድርጅት መንገደኛ ለመጫን ባለቤትነቱን አሳልፎ መስጠት ላይጠበቅበት ይችላል። እስከዚያው ግን የመብረር መብቱ ከአውሮፕላኑ ይበልጥ ውድ ሆኖ ይቆያል።